ግድግዳ የሚያንኳኳ አባት

እስቲ ንገሩኝ፣ አንድ አባት ልጁን በስሟ መጥራት ሲያቅተው ከዚያ የባሰ ምን አለ? ድምፁ ከጉሮሮው ተቆርጦ ወጥቶ፣ በተዘጋ በር ፊት ቆሞ፣ «ልጄ» ለማለት ከንፈሩን ከማንቀሳቀስ በቀር ምንም ማድረግ ሲሳነው... አቤት! አቤት የሰው ልጅ ዕጣ! ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። ብታለቅሱም ግን አልፈርድባችሁም፤ እኔም አልቅሻለሁ።

ቤታቸው በሮቹ ወደ አንድ በረንዳ የሚከፈቱ ሁለት ክፍል ነበር። በአንደኛው እናትና አባት ይተኙበታል፤ የእናትየዋ የልብስ ስፌት መኪናም እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ይውላል። ሌላኛው የአንዲት ልጃቸው ነው። በመሃል ያለው ግድግዳ ከቀጭንነቱ የተነሣ ወዲህ ያለው ሲያስነጥስ ወዲያ ያለችው «ይማርህ» ትላለች። አባትየው ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። የሰው መታጠቢያ ቤት፣ የሰው ማድ ቤት፣ የሰው ሳሎን ሲያነጥፍ ኖሮ የራሱ ቤት ወለል ግን ደረቅ ሲሚንቶ ነው። «የኔ ቤት ተራው ሲደርስ» ይል ነበር እየሳቀ። ሳቁ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል! አንድ ክፍል አንጥፎ ሲጨርስ በጉልበቱ እየሄደ እያንዳንዱን ሴራሚክ በመዶሻው እጀታ ያንኳኳል። ከሥሩ ሲሚንቶው በደንብ ያልሞላው ድምፁ ይለያል፤ ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከታች ግን ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን አይቶ አያልፍም። ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ ከሥሩ አዲስ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ ያንኑ ሴራሚክ መልሶ ይተክለዋል።

ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትቃረብ ያ ሳቅ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ቀጥሎ አቧራው ነው ተባለ። ኋላ ግን ሐኪሞቹ ዕጢ ነው አሉ፤ እሱም ማንቁርቱ ላይ! ወይ ድምፅህን ወይ ሕይወትህን አሉት። ምን ምርጫ አለው? ድምፁን ሆስፒታል ትቶ ሕይወቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በቀረችው ቀዳዳ ስለሆነ አቧራ ያለበት ሥራ ክልክል ሆነበት። መዶሻው አልጋ ሥር ገባ፤ ቤቱም በእናትየዋ መርፌ ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያ ክፉ ጊዜ የአባቷን ከንፈር ማንበብ የተማረችው ልጅቷ ናት። እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ በድምፅ ትናገርለታለች፤ ለሐኪሙ፣ ለነርሷ፣ ለጠያቂው። ሰፈሩም «የአባቷ አፍ» የሚል ስም አወጣላት። ተንኮልም አታጣም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ዘመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በዚሁ በሽታ የሞቱትን ሁሉ ሲቆጥርለት፣ አባትየው «ይሄን ሰውዬ አስወጡልኝ» አለ በከንፈሩ። እሷ ሆዬ፣ «አባዬ፣ ‹ስለጠየቅኸኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብቻ መንገዱ እንዳይርቅብህ› ይላል» ብላ በክብር ሸኘችው። አባትየው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀ። ከአልጋው ሆኖ ሲፈልጋት ግድግዳውን ያንኳኳል፤ ኳ፣ ኳ። እሷም ከወዲያ አንዴ ትመልስለታለች፤ ኳ። ሰምቼሃለሁ፣ መጣሁ ማለቷ ነው።

ተመረቀች! በሕክምና ላብራቶሪ፣ ያውም በጥሩ ውጤት። አባትየው ከስንት ዘመን በኋላ ኮቱን ለብሶ «ልጄ ናት፣ ልጄ ናት» እያለ ላገኘው ሁሉ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ዋለ። እናትየዋም «እንግዲህ ተገላገልን» አለች። ምን ታውቃለች ምስኪን! ልጅቷ ፋይሏን አቅፋ ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞረች፤ የየበሩ ጥበቃዎች ፊቷን እስኪለምዱት ድረስ።

«የሥራ ልምድ አለሽ?»

«የለኝም፣ ገና አሁን ነው የተመረቅሁት።»

«እንግዲያው ልምድ ሲኖርሽ ነይ።»

ልምዱን ማን ይስጣት? ሥራ የሚሰጣት ካጣች ልምዱን ከየት ታምጣው? ከገበያ ይሸመታል? በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ከእኩዮቿ ጋር እየተጋፋች አነበበች፤ አመለከተች፤ ተፈተነች፤ «እንደውልልሻለን» ተባለች። ስልኳን በእጇ ይዛ ተኛች፣ በእጇ ይዛ ተነሣች። አልደወሉም።

ከዚያ አንድ ነገር ወደዚያ ቤት ገባ። መቼ እንደገባ ማንም አላየውም። በመጀመሪያ እንቅልፍ ነሳት፤ ቆይቶ ደግሞ ከእንቅልፍ በቀር ሌላ ነገር አላሰኛት አለ። ምግቡ አፏ ውስጥ እንደ ወረቀት ሆነባት። ፀጉሯን ለማበጠር እጇን ማንሣት ጭንቅ ሆነባት። ጓደኞቿ ሥራ ያዝን ብለው ሲደውሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ትልና ዘግታው ግድግዳ ላይ ታፈጣለች። በመጨረሻም ስልኩን ጨርሶ አጠፋችው። ብታለቅስ እንኳ ደግ ነበር፤ እንባው ራሱ የት እንደገባ ጠፋባት! ያቺ ለአባቷ ቃል ያላጣች ልጅ፣ ለራሷ ጊዜ አንዲት ቃል አጣች። ምን ሆነሻል ሲሏት «ምንም» ትላለች፤ ፊቷንም ታዞራለች።

እናትየዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዳትፈርዱባት። ነገሩ ስንፍና መሰላት። «ኧረ ተነሺ! ሰው እንዴት ፀሐይ አያምረውም? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ እስኪጠፋ እሰፋለሁ፣ አንቺ...» ትልና ወዲያው ደግሞ ምግቡን ራስጌዋ አስቀምጣ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ትወጣለች። ከሁሉ የከበዳት የሰፈሩ ዓይን ነበር። ጠዋት የሰማችውን ከምሳ በፊት ለሰፈሩ ስለምታዳርስ «ሬዲዮ» የሚሏት ጎረቤት አለች። አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ዓይኗን የልጅቷ በር ላይ ተክላ፣

«ልጅቷ ሥራ ያዘች እንዴ? ጠፋች እኮ!» አለች።

እናትየዋ ለአፍታም አላሰበችበት። «ይዛለች እንጂ! ቤቷ ሆና ነው የምትሠራው፣ በኮምፒውተር። ቢሮ መሄድ ድሮ ቀረ።»

«የደም ምርመራውን? በኮምፒውተር?»

«ታዲያስ! የማይሆን ነገር አለ አሁን?» አለችና የስፌት መኪናዋን በኃይል ረገጠችው፤ የጎረቤቷ ቀጣይ ጥያቄ በጩኸቱ ተዋጠ። ሬዲዮም ከንፈሯን አጣማ ወጣች።

ኮምፒውተር በዚያ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም! ውሸቱ ግን ጣፈጣት። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየጨመረችለት አደገ፤ ልጅቷ ሳትነሣ ዕድገት አገኘች፣ ኃላፊም ሆነች። እሷ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሁሉንም ትሰማለች። እናቷ የምትኮራባትን ያችን ሌላ ልጅ፣ ያችን ባለሥራዋን እያዳመጠች ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ትስበዋለች። እኔ እሷን ብሆን በምን አንጀቴ እሰማዋለሁ? እሷ ግን ቀን በቀን ሰማችው።

አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ባዶውን ከሙሉው በጆሮው ሲለይ የኖረ ሰው ነው። አንድ ማለዳ ልጁ ሻይ አቀረበችለትና ፈገግ ብላ «ደህና ነኝ አባዬ» ስትለው፣ ከዚያ ፈገግታ ሥር ምንም እንደሌለ ሰማ። ሰማ ነው የምላችሁ! ሻዩም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም ሳይፈልግ ግድግዳውን ማንኳኳት ያዘ። ውሃ አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም። ማለዳ ነቅቶ ኳ፣ ኳ ያደርጋል፤ አለሽ? ማለቱ ነው። እሷም ቆይታ፣ አንዳንዴም እጅግ ቆይታ፣ ኳ ትላለች፤ አለሁ ማለቷ ነው። ይቺን ድምፅ ሳይሰማ ፊቱን አይታጠብም፣ እህል አይቀምስም። በዚያ ቤት ውስጥ የቀረው ተስፋ ይኸው ነበር።

እነሆ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናትየዋ ስልክ ጮኸ። ልጅቷ ማመልከቻዎቿ ላይ የእናቷንም ቁጥር ጽፋ ኖሯል፤ እናት ይህን አታውቅም። ረጋ ያለ የሴት ድምፅ የልጅቷን ስም ጠርቶ፣ «አሁንም ሥራ እየፈለገች ነው?» ሲል ጠየቀ።

የእናትየዋ ደም ፈላ። ያቺ የተጣመመች የሬዲዮ ከንፈር ታየቻት። ሰው አስደውላ ልታጣራ! ልታዋርዳት! «ስሚ አንቺ» አለች፣ «ልጄ ሥራ ፈልጋ አታውቅም፤ ሥራው ነው እሷን የፈለጋት! ትልቅ ቦታ ላይ ናት። ሁለተኛ እዚህ እንዳትደውይ!» ጠረቀመችባት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንዲያውም ስታንጎራጉር አመሸች።

በነጋታው ሬዲዮ ያሰፋችውን ሌላ ቀሚስ ልትወስድ ስትመጣ በድል ዓይን ተቀበለቻት። «ያስደወልሻት ሴትዮ ነገረችሽ አይደል?»

«የቷ ሴትዮ? ልጆቼን! እኔ ማንንም አላስደወልሁም።»

ሬዲዮ ብዙ ታወራለች እንጂ በልጆቿ ስም በውሸት አትምልም። የእናትየዋ እጅ መቀሱ ላይ ደረቀ። ጎረቤቷ እንደወጣች ወደዚያው ቁጥር መልሳ ደወለች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ላብራቶሪ ነው፣ ምን እንርዳዎት?» የሚል ድምፅ መለሰላት።

ወይኔ! ወይኔ እናት! ያ ስንት የተለመነ ስልክ! ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ደንግጦ አጠገቧ ሲንበረከክ፣ «ሥራ ነበር» አለችው። «ሥራ ነበር የደወለላት። በገዛ አፌ መለስሁት... በገዛ አፌ ልጄን ገደልኋት።» ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው። ግን የዚያን ግድግዳ ነገር ነግሬያችኋለሁ። ከወዲያ ማዶ ጩኸት አልመጣም፤ ለቅሶም አልመጣም። የልጅቷ በር ከውስጥ ሲቀረቀር ብቻ ተሰማ።

ማለዳ አባትየው አንኳኳ። ኳ፣ ኳ። ጠበቀ። ደግሞ አንኳኳ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ዝም። ተነሥቶ በባዶ እግሩ ወደ በሯ ሮጠ፤ ገፋው፤ አልከፈት አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ መጀመሪያ የጠየቅኋችሁ! «ልጄ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ከአንገቱ ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በሩን መታው። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ ድሮ ሥራው፣ የበሩን ሥር በጣቱ አንጓ ያንኳኳ ጀመር። ቆዳው ተላጠ፤ ደማ፤ አላቆመም። እናትየዋ «ሰው ልጥራ፣ በሩ ይሰበር!» ብላ ስትነሣ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። ከዚያ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ዓይኖቹ ለመኗት፤ ንገሪልኝ!

የባሏን ከንፈር ማንበብ ተምራ አታውቅም። ልጅቷ እያለችላት ምን አስቸኮላት!

«ምን? ውሃ? ውሃ ነው የምትለው?» ራሱን በብስጭት ነቀነቀ። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አተኩራ አየችው፤ ካገባችው ጀምሮ እንዲያ አይታው አታውቅም። ቀስ በቀስ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ፣ መጣላት።

«ልጄ... ‹ልጄ› ይላል አባትሽ» አለች ወደ በሩ ዞራ። «‹ድምፄን ሲወስዱብኝ የራስሽን ሰጠሽኝ› ይላል... ‹ሥራ ያዥ አልያዥ ልጄ ነሽ› ይላል... ቆይ፣ ቆይ ቀስ በልልኝ... ‹ተነሺ አልልሽም። ሳቂም አልልሽም። መኖርሽን ብቻ ንገሪኝ› ይላል።»

ዝም። አባትየው ከንፈሩን ገጠመ፤ ከዚህ ወዲያ የሚለው አልነበረውም። እናትየዋ ግን ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

«ይሄኛው የሱ አይደለም፣ የኔ ነው። በድዬሻለሁ እናቴ። በሰው ፊት የሌለችውን ልጅ ሳሞግስ፣ ያለችውን ልጄን ረሳኋት። ሥራው ይቅር። ሰፈሩም ይሳቅብኝ። አንቺ ብቻ ኑሪልኝ... በሞቴ ኑሪልኝ።»

ትንሽ ቆየ። ያች ትንሽ ለሁለቱ ስንት ዘመን እንደሆነችባቸው ማን ይናገራል? ከዚያም ከበሩ ሥር፣ ከወለሉ አጠገብ...

ኳ።

እዚያው ነበረች! በሩን ከውስጥ ተደግፋ፣ ከአባቷ በአንዲት ሳንቃ ብቻ ተለይታ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። መቀርቀሪያው ተነሣ። ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ታየች። «አባዬ፣ ደክሞኛል» አለች። «መኖሩ ራሱ ደከመኝ። ውስጤ ባዶ ነው።»

አባትየው የደማ እጁን ደረቷ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እናትየዋ ሳትጠየቅ አነበበችው። «‹አውቃለሁ። ይሞላል› ይላል።» ያኔ ልጅቷ አለቀሰች። ሦስቱም ተቃቅፈው በረንዳው ላይ አለቀሱ።

በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሐኪሟ «ምን ሆና ነው?» ስትል የእናትየዋ ምላስ ልማዷን አልተወችም፤ «ራሷን ትንሽ...» ብላ ጀመረች። ባሏ ቀና ብሎ አያት። ዋጥ አደረገችና ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች። ሐኪሟም ልጅቷን ብቻዋን ረዘም ላለ ጊዜ አነጋግራ ከጨረሰች በኋላ ወላጆቿን አስገባች። «ይሄ ስንፍና አይደለም፣ አመልም አይደለም። ድባቴ ይባላል፤ በሽታ ነው፣ ይታከማል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ደግሞ ሁለት ቀን ስትስቅ አይታችሁ ዳነች ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታስተዋት።» እናትየዋ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። በሽተኛ ልጅ ላይ ስትጮህ መክረሟ ነዋ!

ግን ያቺ ሴት አንድ ነገር ይገባታል፤ የተሳሳተ ስፌት ሳይተረተር አይቃናም። ወደ ላብራቶሪው ሄዳ ኃላፊዋ እስክትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ብቅ ብላ በዚያ በረጋ ድምፅ «ማንን ፈለጉ?» ስትላት ወዲያው አወቀቻት። «ያን ዕለት ስልክ የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ አታውቅም።» ቦታው ተይዟል፣ አዝናለሁ ብትላትም አላለቀሰችም። «ቦታ ልለምን አልመጣሁም። ስሟ በኔ ጥፋት እንዳይበላሽ ብዬ ነው» ብላ እጅ ነስታ ወጣች። ከዚያ በቀጥታ ሰፈሯ ዳቦ ቤት ገባች። ሬዲዮ ሰልፉ ላይ ነበረች። «ልጄ ሥራ የላትም» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ታማብኝ ነው ቤት የዋለችው። የኮምፒውተሩን ነገር ከኪሴ ነው ያወጣሁት።» ሬዲዮ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ታምኑኛላችሁ? ያን ቀን ለማንም አላወራችም! ማታ ላይ በሩን ቀስ ብላ መትታ፣ «የኔም እህት እንዲሁ ሆና ነበር፤ እኛ ግን ሰው እንዳይሰማ ብለን ደብቀን ደብቀን...» አለችና መጨረስ አቃታት። እናትየዋ አቀፈቻት።

መዳኑ በአንድ ቀን የመጣ እንዳይመስላችሁ። አባትና ልጅ ጠዋት ጠዋት እስከ መንገዱ ጥግ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ቆይቶ እስከ አደባባዩ፤ ቆይቶ ከአደባባዩም ወዲያ። ደህና ሳምንት መጥቶ ክፉ ሳምንት ይከተለዋል። መድኃኒቱ አፏን ያደርቀዋል፣ ታማርራለች፤ ማማረሯ ራሱ እናቷን ደስ አሰኛት፣ ልጄ ምላስ አወጣች እያለች! ሐኪሟ ዘንድ እየተመላለሰች የተቋጠረውን ፈታችው። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ታጥባ ብቅ አለች። ሌላ ጠዋት ያችን ፋይል አቧራዋን አራገፈች። «ማመልከት ልጀምር ነው፤ ግን ባይቀበሉኝም እንዳልወድቅ አድርጌ ነው የምጀምረው» አለች። እናቷም ቃል አላከለችበትም፤ ሸሚዟን ተኩሳ ሰጠቻት።

አንድ ረፋድ የእናትየዋ ስልክ ጮኸ። «ከላብራቶሪው ነው፤ ሌላ ቦታ ተከፍቷል...» እናትየዋ ስልኩን እንደ ፍም በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች ወጣች። «እኔን እንዳታናግሩኝ! እኔን ምንም አትጠይቁኝ! ልጄ! ነይ፣ አንቺው ራስሽ አናግሪያቸው!»

በቃለ መጠይቁ የሚያስፈራው አንድ ጥያቄ እንደነበረ ሁሉም ያውቃሉ፤ ከተመረቅሽ ወዲህ የት ነበርሽ? ይጠየቃል። ለዚህ ደግሞ የሚያምር መልስ ተዘጋጅቶ ተቀምጦላታል፤ አባቴን አስታምም ነበር። ማን ይጠረጥራታል? የአባቷ አንገት ምስክር ነው! ኃላፊዋ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ተቀምጣ ያንኑ ጠየቀቻት። የልጅቷ ጣት ጠረጴዛው ሥር የወንበሩን እንጨት በቀስታ ነካ፤ ኳ።

«አባቴን አስታመምሁ ብል ያምርልኝ ነበር» አለች። «ግን እሱ ነው እኔን ያስታመመኝ። ድባቴ ይዞኝ ነበር። ታክሜያለሁ፣ አሁንም እየታከምሁ ነው። መሥራት እችላለሁ።»

ሰዎቹ ተያዩ። ኃላፊዋ ተነሥታ ወደ ሥራው ክፍል ወሰደቻት። ለደም ቆጠራ የተቀዳ ናሙና በትንሽ ብልቃጥ ሰጥታት «ሥሪና ውጤቱን አምጪልኝ» አለቻት። ማሽኑ እዚያው አጠገቧ ነው፤ ከመክተት በቀር ምንም አይጠበቅባትም። ልጅቷ ግን ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንሥታ፣ ቀስ ብላ አጋደለችው፤ ደግሞ ወደዚያ አጋደለችው። ከሥሩ አንዲት የረጋች ደም ታየቻት።

«ይሄ አይሠራም። ደሙ ረግቷል። ማሽኑ ቁጥር ይሰጠኛል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ይሆናል። በሽተኛው እንደገና ይቀዳ።»

«ከአንቺ በፊት የመጡት ውጤት አምጥተውልኛል እኮ» አለች ኃላፊዋ።

«እኔ አላመጣም።»

ኃላፊዋ ፈገግ አለች። ለካ ብልቃጡ ሆን ተብሎ የቀረበ ፈተና ነው! «እናትሽ እዚህ ኮሪደር ላይ ቆማ ውሸቷን ስትመልስ አይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ አንቺን አየሁ። ሰኞ ጋውንሽን መጥተሽ ውሰጂ» አለቻት።

ቤት እናትና አባት ዓይናቸውን በር ላይ ተክለው ቀሩ። እሷ ገባች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ በረንዳውን አቋርጣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እናትየዋ መቀሷን እንደጨበጠች ቀረች። አባትየው ፊቱ አመድ መሰለ። ተመልሶ ያ ነገር... ብለው ሳይጨርሱ ግድግዳው ድንገት ከወዲያ ማዶ ነጎደ! ኳ! ኳኳ! ኳኳኳኳ! በሁለት እጇ እንደ ከበሮ ትደልቀው ጀመር፤ ከውስጡም ሳቋ ይሰማል። አባትየው ዘሎ ተነሣና ከወዲህ በሁለት ቡጢው መለሰ፤ እናትየዋ በመቀሷ የስፌት መኪናውን ትቀጠቅጣለች! ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ውጭ በረረች። «የት ነሽ አንቺ!» አለች ወደ ጎረቤቷ በር። «ልጄ ሥራ ያዘች! አሁን አውሪው! ድምፁን ከፍ አድርጊና አውሪው!» ሬዲዮም ከዚያ ሁሉ ጊዜ ዝምታ በኋላ ሥራዋን ጀመረች፤ ለምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ማለዳ ቀድማ የምታንኳኳው ልጅቷ ናት።

ጊዜ አለፈ። ልጅቷ አባቷን ለወለሉ የሚሆን ሴራሚክ አስመረጠችው፤ አቧራው ስለማይሆንለት አንጣፊ ቀጥረው እሱ በወንበር ተቀምጦ እያንዳንዱን በረጅም ዱላ እያንኳኳ ተቀበለ፤ አንጣፊውን ላብ አስጠመቀው! ግድግዳውም ቀለም ተቀባ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ከማንኳኳቱ ብዛት ቀለሙ ተልጦ ልስኑ ጎድጎድ ያለ ስፍራ አለ። አባትየው ቀለም ቀቢውን እጁን ይዞ ከለከለው። ሬዲዮ ቤቱን አይታ እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል መጥታ ዓይኗ እዚያው አረፈ፣ ሌላ የት ያርፋል?

«ውይ! ይሄን የሚያህል ቤት አሳምራችሁ ይሄን እንዴት ተዋችሁት? ምን ነክቶት ነው?»

ያቺ እናት፣ ያቺ ኮምፒውተር ከኪሷ የምታወጣው እናት፣ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ስለ እርጥበት ልታወራ፣ ስለ ቀቢው ስንፍና ልታወራ ትችል ነበር። «ልጄ ታማብኝ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «አባቷ በዚህ በኩል ነው የመለሳት።»

ዕጣ ፈንታ ሆይ! ከአንዱ ጉሮሮ ድምፅ ነጠቅህ፣ ከሌላዋ ልብ ብርሃን ነጠቅህ፣ በሦስተኛይቱ አፍ ውሸት ጨመርህ፤ ጨረስኋቸው ብለህም ነበር። ግን አንድ ቀጭን ግድግዳ ረስተህላቸው ሄድህ። አንባቢዬ፣ በቤትህ ዝም ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ አንኳኳለት፤ መልሱ ቢዘገይም ከበሩ አትነሣ።